አሥራ አንድ ጊዜ የቆመው ሚኒባስ

ሰኞ 2

ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። ደግሜ ልጻፈው፤ ሥራ ጀመርኩ! ከተመረቅኩ አሥር ወር ሙሉ ማመልከቻ ሳድል ኖሬ በመጨረሻ አንድ ሰው «ነገ ነይ» አለኝ።

ቢሮው ከቀለም መሸጫ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ደረጃው ላይ የቀለሙ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ ፎቅ ሲደርሱ ይለመዳል። የእኔ ጠረጴዛ ድሮ የስፌት መኪና የነበረበት ነው። መኪናው ተነቅሎ ቀዳዳው በጣውላ ተደፍኗል፤ ከሥር ግን ፔዳሉ አለ። ስጽፍ እግሬ ሳላውቀው ይረግጠውና ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ከወዲያኛው ክፍል «ማነው የሚሰፋው?» ይላል።

የሚያውቁት ሁሉ «አቶ በአጭሩ» ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። «በአጭሩ» ብሎ ጀምሮ አርባ ደቂቃ አወራኝ። ከአርባው ደቂቃ የተረፈኝ ይኸው ነው፦ የጡረተኞች ማኅበር ቅዳሜ ቅዳሜ አባላቱን ከከተማ ያስወጣል፤ ጉዞውን የምናዘጋጀው እኛ ነን። ቢሮው የራሱ መኪና የለውም፤ ሚኒባስ ከነሹፌሩ ይከራያል። ሹፌሩ ተወልዶ ያደገው በምንሄድበት አካባቢ ነው፤ መንገዱን ያውቃል። እኔ ፕሮግራም አወጣለሁ፣ ከፊት ተቀምጬ አብሬ እሄዳለሁ፣ ሰኞ ሪፖርት አቀርባለሁ። ሦስት ወር ሙከራ ነው።

«ሪፖርት ያልተጻፈለት ጉዞ እንዳልተሄደ ነው የሚቆጠረው» አለኝ።

ይህችን አባባል ወደድኳት።

ሐሙስ 5

ፕሮግራሙን ጨረስኩ። አንድ ገጽ፤ ደቂቃ በደቂቃ። መነሻ 1፡00። የመጀመሪያ እረፍት 3፡10፣ መጸዳጃ ያለው ማደያ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። መድረሻ፣ ሐይቁ ዳር፣ 4፡30።

ማታ ለታላቅ እህቴ አነበብኩላት። እሷ የምትሠራው ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ስትመጣ እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል።

«ሰዎቹ ስንት ናቸው?»

«አሥራ አራት። ትንሹ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው።»

«ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ከዐሥር ሳይወርዱ?»

«እታለም፣ ሁለት ሰዓት ነው እኮ!»

«የማጥበውን አንሶላ ብታዪ እንዲህ አትዪም» አለች። «ፊኛ ሰዓት አያነብም፣ እህቴ።»

ሁሌም እንዲህ ናት። ደስ ያለኝን ነገር ሁሉ በረኪና ታስነካዋለች።

ቅዳሜ 7፣ ማታ

ደሜ ፈልቷል። ተረጋግቼ ልጻፍ።

ሹፌሩ ስልሳን የተጠጋ፣ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ ነው። ሚኒባሱ ነጭ፣ ንጹሕ፤ ወንበሮቹ በቤት የተሰፋ ልብስ ለብሰዋል። ፕሮግራሙን ሰጠሁት። እጁን ዘርግቶ አርቆ አነበበው፤ ከዚያ አጥፎ ከፀሐይ መከላከያው ላይ ሰካውና «ደህና። የት ነው የተማርሽው?» አለኝ። ነገርኩት። «ዲግሪ ነው ወይስ ዲፕሎማ?» «ዲግሪ።» ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስሜ ዲግሪ ሆነ። «ዲግሪ፣ በሩን ሳቢው።» «ዲግሪ፣ መስኮቱን ከፈት።» ከኋላ ያሉት ይስቃሉ።

ይህን እንኳ ቻልኩት። ያልቻልኩት ጎማውን ነው።

ከተነሣን ሃምሳ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላን ወደ ዳር አወጣና አቆመ። «ጎማ ልይ» ብሎ ወረደ። ዞረው፣ በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው። ከበስተኋላው የተቀመጡት ጡረታ የወጡት ዳኛም ወረዱ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ኮት ከነከራቫቱ። ዳኛው ስለ ጎማ ምን ያውቃሉ? ትንሽ ቆይተው ከቁጥቋጦው በኩል ተመለሱ፤ ሹፌሩም እጁን አራግፎ ገባ። ስድስት ደቂቃ!

እንዲህ አራት ጊዜ። መሄጃ ሁለት፣ መመለሻ ሁለት። ሐይቁ ዳር የደረስነው ሃያ ስድስት ደቂቃ ዘግይተን ነው። ሌሎቹ ግን ግድም የላቸው። ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፣ ሳቋ ከመኪናው ድምፅ የሚበልጥ ሴትዮ፣ «ጎማው ይባረክ፤ እኔም እግሬን አፍታታሁ» ትላለች።

ጎማው ይባረክ! አሥራ አራት አዛውንት ጭኖ በተበላሸ ጎማ የሚሄድ ሹፌር ይባረካል እንዴ?

ሰኞ 9

ሪፖርቱን አስገባሁ። አራቱን ማቆሚያ ከነሰዓታቸው። ሥራ አስኪያጁ ሌላውን ገጽ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ እዚያ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«በአጭሩ፣ ይህችን አስፍተሽ ጻፊልኝ። እያንዳንዷን። ከደቂቃዋ ጋር።»

ዓይኔ ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚህ በፊት የነበሩት ሁለት ልጆች እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም ነበር አለ። ደስ አለኝ። ለእናቴ ደወልኩላት፤ «ዓይንሽ ጥሩ ነው ብሎኛል» አልኳት። «መቼስ ዓይንሽ ከእኔ ነው» አለች።

ቅዳሜ 14

ሦስት ጊዜ። 1፡55፣ 3፡50፣ 9፡20። በእጄ ሰዓት።

ዛሬ እኔም ወረድኩ። ጎማውን ዳበስኩት። አዲስ ነው! ጥርሱ የጣቴን ጫፍ ይውጣል።

«ጋሼ፣ ይህ ጎማ ምን ሆኗል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ቆሙ?»

«ጎማን የሚያውቀው የሚነዳው ነው፣ ዲግሪ።»

«እኔ ግን ሪፖርት አደርጋለሁ።»

«አድርጊ» አለኝና ወደ ሜዳው ዞሮ ቆመ፤ ዳኛው ሄደው ከዛፍ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል፤ አበባ የሚያዩ ይመስላሉ። ሹፌሩ በእሳቸውና በመኪናው መካከል ገብቶ እንደ በር ተገተረ።

አንድ ነገር አስተውያለሁ። ዳኛው ሁለቴ ይስላሉ፤ እሱ ያቆማል። ሁልጊዜ። ሁለቱ የሚያውቁት ሚስጥር አለ። ሲጋራ ይሆን? ዳኛው እንዳያጨሱ ሐኪም ከልክሏቸው፣ እሱ እየደበቀላቸው ይሆን? ይህንንም ጻፍኩት፤ ግን «በግምት» ብዬ።

ለእታለም ስነግራት ማንኪያውን አስቀምጣ አየችኝ።

«ሁለቴ ይስሉና ይወርዳሉ?»

«አዎ።»

«ቁጥቋጦ ያለበት ቦታ?»

«ታዲያ ሲጋራ መሀል መንገድ ላይ ያጨሳሉ?»

ሣቀች። ከዚያ መሣቋን ተወችና «እሺ፣ ብዪ» አለች። ብዪ! እኔ ስለ ሰው ሕይወት አወራለሁ፣ እሷ ብዪ ትለኛለች።

ቅዳሜ 21

አራት። በጠቅላላው አሥራ አንድ።

ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ ሲያቆም ትዕግሥቴ አለቀ። በሰው ፊት ጮኽኩበት። «ይህ ሥራ ነው ወይስ ቀልድ? የሰው ጊዜ ነው የሚሰርቁት! ጎማው ደህና ነው፤ በእጄ ነክቼዋለሁ። ለምንድነው የሚቆሙት? አሁን፣ እዚህ፣ ይንገሩኝ!»

ዳኛው አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ፣ አንድ እግራቸው መሬት ላይ ሆነው ቀጥ አሉ። ወደ ውስጥ ሊመለሱ ሲሉ ሹፌሩ ክንዳቸውን ያዘና «ይምጡ ጌታዬ፣ ይህችን ብሎን ይያዙልኝ» አላቸው። ሄዱ።

የመለሰችልኝ አዋላጇ ናት፣ ከኋላ፦

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዲግሪሽ ዓይን የለውም እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ዓይንሽ ጥሩ ነው ይለኛል፤ እሷ ዓይን የለሽም ትለኛለች። የማንን ልመን? የቀጠረኝ እሱ ነው።

ሳቅ አልነበረም ዛሬ። ልክ ነበርኩ፤ ታዲያ ለምንድነው ፊቴ እስካሁን የሚቃጠለው?

ሰኞ 23

የሦስቱን ጉዞ ጠቅላላ ሪፖርት አስገባሁ። ስድስት ገጽ፤ ከሰንጠረዥ ጋር። በቀይ ያሰመርኩበት፦ «የተሽከርካሪው ብቃት አጠራጣሪ ነው፤ ወይም ሹፌሩ ያለምክንያት ይቆማል።»

ከሰዓት በኋላ ውሉ ታገደ። ለማኅበሩ ኮሚቴ ደብዳቤ ወጣ፤ ኮሚቴው እስኪወስን ሌላ ሚኒባስ ይመጣል።

ሌላው ሚኒባስ የማን እንደሆነ ጠየቅኩ።

«የአማቼ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በአጭሩ፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው።»

ይህ ምንም ማለት አይደለም። አማቹ ቢሆንስ? ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም። በራሴ እጅ። እግሬ ፔዳሉን ሲመታው ቆይቶ ነው የሰማሁት።

ረቡዕ 25

ሹፌሩ ቢሮ መጣ፤ የእገዳውን ደብዳቤ ሊወስድ። ለቀናት ስዘጋጅበት የነበረ መልስ ነበረኝ። ቢጮህብኝ እንዲህ፣ ቢሰድበኝ እንዲህ እለዋለሁ ብዬ።

አልጮኸም። ሪፖርቱን እንዲያየው ተሰጠው። ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ስድስቱንም ገጽ አነበበ። ሲጨርስ ጠረጴዛዬ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው።

«ፊደልሽ ያምራል» አለኝ።

ወጣ። እሳት ለበስኩ። ከዚህ ሁሉ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር!

ቅዳሜ 28

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

አማቹ ወጣት ነው፤ መነጽር፣ ሙዚቃ፣ ፈጣን። ፕሮግራሜን መሪው አጠገብ ለጥፎታል። «አለቃ» ነው የሚለኝ። በ1፡00 ተነሣን። በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው በሰዓቱ የተነሣ ጉዞ። (የሥራ ዘመኔ አራት ሳምንት ነው።)

2፡05 ዳኛው ሁለቴ ሳሉ።

«ጉንፋን ነው አባባ?» አለና አማቹ መስኮቱን ዘጋው።

እንደገና ሳሉ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ዞር ብዬ ምን አልኳቸው? ልጻፈው። ይኸው፦ «አባባ፣ እረፍት ሦስት ከዐሥር ነው፤ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የቀረው» አልኳቸው። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት።

«እሺ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ አልሳሉም።

3፡08 ማደያው ደረስን። ሁለት ደቂቃ ቀድመን! ሁሉም ወረደ። ዳኛው አልወረዱም። ኮታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ይዘውት፣ በመስኮት ያያሉ። «አባባ፣ አይወርዱም?» ብዬ ተጠጋሁ። ያኔ ወንበሩን አየሁ። ወለሉንም።

አማቹ ከኋላዬ አንገቱን አስገባ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? አለቃ፣ ሽን—»

የሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ እግሬ ሥር ነበር። ክዳኑን መቼ እንደከፈትኩት አላውቅም። ገለበጥኩት። ወንበሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የዳኛው ጫማ ላይ፣ ቀሚሴ ላይ።

«ውሃ ነው! እኔ ነኝ የደፋሁት!»

«ኧረ ሽታው እኮ—»

«ውሃ ነው አልኩህ! መስሚያ የለህም? ውጣ!»

ወጣ። ከመኪናው ውጭ የነበሩት ሁሉ ወደ እኛ እያዩ ነበር። ዳኛው ወደ እኔ አልዞሩም።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ፤ ይህችን ብቻ።

ውሃ ነው። እዚህም ላይ ውሃ ነው ብዬ ነው የምጽፈው። ደብተር ሰው እጅ ይገባል።

እሑድ 29

እታለም ቀሚሴን ልታጥብልኝ ወሰደችው። አሸተተችው። አጥባ ሰጣችው። ለምን ቀደም ብለሽ በግልጽ አልነገርሽኝም ብዬ ጮኽኩባት።

«ነግሬሻለሁ» አለች። «አንቺ ነሽ ስለ ሲጋራ ያወራሽው።»

አሥራ አንድ። አሥራ አንዱንም በእጄ ሰዓት ይዤ ጻፍኳቸው። ደቂቃቸውን ሳይቀር! አንድ ሰው ሌላውን ሰው በጀርባው ሲጋርድ ቆሜ አይቼ «በግምት ሲጋራ» ብዬ የምጽፍ ምን ዓይነት ደደብ ነኝ? አራት ዓመት ምን ተማርኩ?

ሰኞ 30

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። አማቹ ነግሮታል።

«ወንበሩ ላይ ምንድነው የሆነው?»

«ውሃ ደፋሁ።»

«ልጁ ሌላ ነገር ነው የሚለው። በአጭሩ፣ ከሽማግሌዎቹ ማናቸው ናቸው?»

«ውሃ ነው።»

በጎን ሞከርኩ። «ግን… አንዳንዶቹ ቶሎ ቶሎ መውረድ ቢያስፈልጋቸው፣ ተጨማሪ እረፍት በፕሮግራሙ ብናስገባ?»

«አይሆንም። ሁሉንም የጤና ቅጽ እናስሞላለን። የማይችል ቤቱ ይቀመጥ፤ እኛ ጉዞ ነው የምናዘጋጀው፣ ማስታመሚያ አልከፈትንም።» እስክሪብቶውን አነሣ። «ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

ስም ሳልጠራለት ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ለዚህ ሰው ነው ስድስት ገጽ የጻፍኩለት። ዓይንሽ ጥሩ ነው ሲለኝ ለእናቴ የደወልኩት ስለዚህ ሰው ነው።

ረቡዕ 2

ወር ገባ። ከሥራ ሰዓት በፊት ሹፌሩን ፈልጌ ሄድኩ። መኪና ማጠቢያው ጋ አገኘኋቸው፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ሚኒባሱን በብሩሽ ያሻሉ። ሥራ የሌለው መኪና ምን ያቆሽሸዋል?

«ተልከሽ ነው ወይስ አውቀሽ?» አሉኝ።

«አውቄ ነው። ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ?»

«በጆሮዬ! ለእኔ ብቻ። እኔ ሰው አይደለሁም?»

«አንቺ የሰማሽውን ሁሉ ትጽፊያለሽ፣ ልጄ።»

ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከሩት።

«ማክሰኞ ኮሚቴው ይጠራዎታል» አልኳቸው። «ይናገሩ። አንድ ቃል ነው፤ ነፃ ይወጣሉ።»

«አልናገርም። አንቺም ትንፍሽ እንዳትዪ። ዳኛው ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሰው የሚያዩት ቅዳሜ ብቻ ነው። ይህ ነገር ከተወራ ከቤታቸው አይወጡም። እዚያው ነው የሚሞቱት።»

«እርስዎስ? ውሉ?»

«ካልታደሰ መኪናዋን እሸጣለሁ።» እንደ ቀልድ ነው ያሉት፤ ግን እጃቸው ወንበሩ የለበሰውን ልብስ እያስተካከለ ነበር። «ባለቤቴ ናት የሰፋችው። ከመኪናው ጋር አልሸጠውም፤ አውልቄ እወስደዋለሁ።»

«ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው!»

«ነው» አሉ። «የሰው ገመና የጫነ ሰው መንገድ ላይ አያራግፍም። ነይ፣ ጫማሽን ውሃ ነካው፤ ወደዚህ ቁሚ።»

የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። የሚገርመው በእሳቸውም ነው የተናደድኩት። ዝም ብለው እንዲህ ጥሩ ሰው ሆነው፣ እኔን እንዲህ መጥፎ ያደርጉኛል?

ዓርብ 4

የነገው ጉዞ ተሰርዟል። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሰብሳቢው ራሳቸው ዳኛው፣ ጸሐፊዋ አዋላጇ፣ ሦስተኛው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ። ሦስቱም ጉዞው ላይ ነበሩ። ሦስቱም ያውቃሉ ማለት ነው። የማያውቀው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚይዘው የእኔን ወረቀት ነው።

ዳኛው ይናገራሉ። ዳኛ አይደሉ? ዕድሜ ልካቸውን የሰው ነገር ሲያዩ የኖሩ ሰው፣ ንጹሕ ሰው ዓይናቸው እያየ አይፈርዱበትም። ይናገራሉ።

ተሳሳትኩ ብልስ? አሥራ አንድ ጊዜ፣ ከደቂቃው ጋር ተሳሳትኩ? ማን ያምነኛል?

ማክሰኞ 8፣ ማታ

ተናድጃለሁ። ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍ። አሁን የሆነውን በሙሉ እጽፋለሁ፤ የትም ሌላ ቦታ በትክክል አልተጻፈምና።

የማኅበሩ አዳራሽ ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የላስቲክ ሽፋን፣ አንድ የተከፈተ መስኮት። ዳኛው መሀል ተቀመጡ፤ ኮት ከነከራቫቱ። አዋላጇ መዝገብ ይዛ በቀኛቸው፣ ፖስተኛው በግራቸው። ሹፌሩ ከወዲህ ብቻቸውን፤ እኔና ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ጫፍ።

ሪፖርቱን ሥራ አስኪያጁ ራሱ አነበበው። በዚህ ዓለም ላይ «በአጭሩ» ሳይል ያነበበው ብቸኛ ነገር የእኔ ሪፖርት ነው። እያንዳንዱን ሰዓት ሲጠራ ዳኛው ጠረጴዛውን ያያሉ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ልቤ «አሁን ይናገራሉ» አለ።

ዳኛው ቀና አሉ።

«ሹፌር፣ የተነበበውን ሰምተሃል። መልስ አለህ?»

«የለኝም፣ ጌታዬ።»

ሥራ አስኪያጁ ተንጠራርቶ የአንድ ጋራዥ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ሹፌሩ ጎማው አዲስ ነው የሚል ማስረጃ አምጥቷል። በአጭሩ፣ ጎማው ደህና ከሆነ ለምን ቆመ? ደህና ካልሆነስ እናንተን እንዴት ጫነ? ከሁለት አንዱን ይምረጥ።»

ሹፌሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ። ፖስተኛው ጣሪያውን ያያል። አዋላጇ፣ ያቺ አፏ የማይዘጋው ሴትዮ፣ ብዕሯን ታገላብጣለች። ዳኛውን አየኋቸው። ከንፈራቸው ተላቀቀ፤ ተመልሶ ገጠመ።

አይናገሩም። ገባኝ። በዚያች ቅጽበት ጠላኋቸው።

ተነሣሁ።

«አልቆመም» አልኩ።

«ምን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከፕሮግራሙ ውጭ አንድም ጊዜ አልቆመም። ሰዓቶቹን ከራሴ ነው የጻፍኳቸው።»

«አሥራ አንዱንም?»

«አሥራ አንዱንም።»

«ምን በወጣው?»

«ዲግሪ እያለ ይጠራኛል፤ ተናደድኩ።» ከተናገርኩት ሁሉ እውነት የነበረው ይህ ነው።

ሹፌሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኧረ ልጄ፣ ተይ—»

«አንተ ተቀመጥ» አለች አዋላጇ። ድምፅዋ የራሷ አይመስልም። ተቀመጡ።

እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ካለነው ስድስት ሰዎች አምስታችን እውነቱን እናውቃለን። አንድ ሰው «ይህች ልጅ ትዋሻለች» ቢል ምን አለ! የመጨረሻ ተስፋዬን ዳኛው ላይ ጣልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

«ልጄ፣ ሆን ብለሽ ነው የጻፍሽው ወይስ ተሳስተሽ?»

አሥራ አንዱንም ጊዜ ከዚያ መኪና የወረዱት እሳቸው ናቸው። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ሆን ብዬ ነው።»

«ማንም አላስገደደሽም?»

«ማንም።»

«ይመዝገብ» አሉ።

ይመዝገብ! አዋላጇ መጻፍ ጀመረች። ብዕሯ ሲጫር ይሰማኛል። ሹፌሩ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ ውሉ እንዲታደስ፣ ጉዞው ከቅዳሜ ጀምሮ እንዲቀጥል፤ ሪፖርቱ ሐሰት መሆኑን የጻፈችው ልጅ ራሷ ስላመነች ውድቅ እንዲሆን። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ነገ እንዳትመጪ» አለኝ። በጣም አጭር ነበር።

ምስጋና አልፈለግኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው፤ ፈልጌ ነበር። አንድ ነገር ፈልጌ ነበር፤ ቢያንስ ዓይናቸው እንዲሰበር። አልተሰበረም። ዳኛ ነበሩ።

ከዚያ ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ዞረ። ፖስተኛው ፈረመ። አዋላጇ ፈረመች፤ ወረቀቱን ዳኛው ፊት አንሸራተተችው። ብዕሩን አነሡ። ያኔ ነው እጃቸውን ያየሁት። ብዕሩ ወረቀቱን ነካ፣ ወረቀቱ በላስቲኩ ላይ ሸሸ፤ እንደገና ነካ፣ እንደገና ሸሸ። በግራ እጃቸው ሊይዙት ሞከሩ፤ ግራው ከቀኙ ይብሳል። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ጫፉን ያነሣዋል። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ማየት እንኳ የፈለገ አልነበረም።

ሁለት እርምጃ ነው። ዞሬ ሄድኩ፤ አጠገባቸው ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን በሁለት መዳፌ ጠረጴዛው ላይ ጫንኩት። የሚፈርሙበት መስመር ልክ ስሜና «ሐሰት» የሚለው ቃል ካሉበት በታች ነበር።

«ትንሽ ወደ ቀኝ» አሉኝ፤ ቀስ ብለው።

ወደ ቀኝ አደረግኩላቸው። ጊዜ ወሰደ። ስማቸው ረጅም ነው። እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ያዝኩላቸው።